የሞተር ድንች

ያን ቅዳሜ የወረደው ጉም ተራ ጉም አልነበረም፤ በቢላ ተቆርጦ፣ ማርማላታ ተቀብቶ የሚበላ ዓይነት ነበር። የመብራት ምሰሶዎች ከወገብ በላይ የሉም። እጁን የዘረጋ ሰው ጣቶቹን ለጉሙ አስረክቦ ነው የሚመለሰው። በዚህ ጉም ውስጥ፣ ከአሮጌው የአውቶቡስ መጠለያ፣ የአንድ ሞተር ድምፅ ከማለዳ ጀምሮ ይሰማ ነበር። ያረጀ ሞተር ነው፤ ሲተነፍስ እንደ በሽተኛ ያቃስታል።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ዳቦ ጋጋሪው ለምሳ መጣ። የመጠለያውን ትልቅ የቆርቆሮ በር ተዘግቶ ሲያገኘው ገረመው፤ ሞተር እየሠራ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ጎትቶ ሲከፍተው ከውስጥ የወጣው ጭስ ከውጭው ጉም ጋር ተቃቀፈ። አፍንጫውን በሽርጡ ሸፍኖ እየተደናበረ ገባና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ነው እስከ ዛሬ በእንቅልፉ የሚመጣበት።

ታላቅ ወንድሙ የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ፣ ራሱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፤ ጉንጩ ከወትሮው ይልቅ ደም ሞልቶታል። መውረጃው ያለፈው ተሳፋሪ ይመስላል። ከሞተ ቆይቷል።

ሟቹን ሰዉ ሁሉ ጋሽ ማርሽ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አቃተው፤ የማይንቀሳቀስ ወንበር ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ወዳጆች ማኅበርን አቋቋመ። አባላቱ እሱ ራሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወንድሙ፣ ቡሎን የሚሉት መካኒክና ሊቀ መንበሩ ማይክ ናቸው። ማይክ ማይክ የተባለው የሬዲዮ ሰው ስለሆነ ነው፤ ድምፁን የሰማች ድመት ወተቷን ትታ ታዳምጣለች።

ማኅበሩ ያለው ንብረት አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት አውቶቡስ! አፍንጫው ረዥም፣ ዓይኖቹ ክብ፣ ቀለሙ አረንጓዴ፤ ወራጅ ሲኖር የሚጎተት ገመድና ከሹፌሩ ጆሮ ሥር የሚያቃጭል ደወል ያለው። ወደ ከተማዋ የገባ የመጀመሪያው አውቶቡስ እሱ መሆኑን ማይክ ለሃያ ዓመት በሬዲዮ ሲተርክ ኖሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ከንቲባው ራሳቸው መጥተው የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊገጥሙለት ቀጠሮ ተይዟል።

የማኅበሩ ሁለተኛ ፍቅር ሆድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩ ይነሳል፤ የሞተሩ ክዳን ኮፈኑ ይከፈታል፤ በፎይል የተጠቀለለ ድንች በጋለው የሞተር ብረት ላይ ይጋደማል። እንዲህ ያለ ድንች በነገሥታት ማዕድ ላይ ቀርቦ አያውቅም። እስኪበስል ድረስ ስለ ምግብ ይከራከራሉ፦ ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል፣ ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ለምን ቶሎ ይደርቃል፣ ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል መንታ ጫጩት ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም። በዚህ በመጨረሻው ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ክረምት ሙሉ ተኮራርፈዋል። የማኅበሩ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ በኮፈኑ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ድንቹን ያገላብጣል። ማንም ማንንም አያዝም። እጅ ለምዶታል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ መስሎታል። ሴትዮዋ አጭርና ወፍራም ናት፤ አፍንጫዋ ግን በጣቢያው ውስጥ ከውሻው ቀጥሎ ሳይሆን ከውሻው ቀድሞ ነው የሚመደበው። ሳጅኑ ሐኪሙ ያለውን ነገራት፤ የጭስ መርዝ ነው። የአውቶቡሱ መስኮቶች ዝግ፣ የመጠለያው በር ዝግ፣ ሞተሩ ክፍት። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአንድ ልጁ ጋር የተኳረፈ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ኢንስፔክተሯ ኮፈኑ ጋ ሄዳ አሸተተች። ከዚያ ከሞተሩ ላይ ሁለት የፎይል ጥቅሎች አነሳች።

«ሳጅን፣ ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ምሳ ይጥዳል?»

«ልማድ ይሆናላ።»

«ልማድ ከሆነ አንድ ይበቃዋል። ሁለተኛውን ማን ሊበላው ነው?»

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ። እሷ ፎይሉን ፈታች። ድንቾቹ በሁለቱም ጎን እኩል ቡናማ ሆነዋል፤ አንዱ ጎን አልጠቆረም፣ አንዱ ጎን አልገረጣም። በእያንዳንዱ ላይ፣ በፎይሉ አልፈው የገቡ፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ፎይሎቹን በጥንቃቄ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ አውቶቡሱን ዞረችው። ከኋለኛው መስኮት ሥር ስትደርስ አፍንጫዋ ቆመ። አውራ ጣቷን ብረቱ ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው አረንጓዴ ነገር ተጣብቆበታል። የቀረው የአውቶቡሱ ገላ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቀለም ነው፤ ይህች የትሪ ስፋት ያላት ቦታ ብቻ ገና እርጥብ ናት።

በመጠለያው ጀርባ፣ ጉሙ ውስጥ፣ የእርግቦች ግርግር ሰማች። አንድ ነገር እየተናጠቁ ነው። ጠጋ ስትል በረው ምሰሶ ላይ ሰፈሩና ቁልቁል አዩዋት። በሕይወቷ እንደዚያ ያሉ እርግቦች አይታ አታውቅም፤ አፋቸው በሙሉ ከሰል የጎረሱ ይመስል ጥቁር ነው። ከመሬት የቀረውን ፍርፋሪ አነሳች። አንድ ፊቱ ጥቀርሻ፣ ሌላው ፊቱ የተጋገረ ሊጥ።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። መጠለያው በር ድረስ መጥታ መግባት አቅቷት ቆማ ስላገኘቻት፣ ኢንስፔክተሯ ክንዷን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ጠባብ ወጥ ቤት ነው፤ የስፌት መኪናው ከምድጃው ጎን ቆሟል። ልጅቷ ሻይ አፈላች፤ ስኳሩን ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። የስኳሩ ጣሳ አሮጌ ነው። በላዩ ላይ በቀለም ብሩሽ «ሥኳር» ተብሎ ተጽፏል።

«በንጉሡ ሠ ነው የተጻፈው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የእናቴ እጅ ናት። እሳቱ ሰ ቀጭን ነው፣ አያምርም ትል ነበር። ያገኘችውን ሁሉ በሠ ነበር የምትጽፈው። አስተማሪዎቼ እኔን ነበር የሚመቱኝ።» ልጅቷ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም።

ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉንም ተናገረች። እናቷ ሳትወልዳት በፊት ዳቦ ትሸጥ ነበር፤ መሸጥ ከተወችም በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ ዳቦ ዳቦ እንደሸተተች ኖራ፣ እንደሸተተች ሞተች። በሞተችበት ሳምንት አባትየው አውቶቡሱ ሥር ተኝቶ ነበር የሰነበተው። ልጅቷ ያንን ይቅር ማለት አቃታት። ዓርብ ማታ ግን ስልክ ደወለላት።

«ምን አለሽ?»

«‹እሙዬ፣ እናትሽን አገኘኋት። ነገ ለምሳ ነይ፣ አሳይሻለሁ› አለኝ። እየሳቀ ነበር። አእምሮው የተነካ መሰለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ልጅቷ ብርጭቆዋን አዞረች። «‹ከብረትህ ጋር ብላ› ብዬ ዘጋሁበት።»

ጠዋት ጸጸታትና መጣች። ጉሙን እየዳበሰች መጠለያው አጥር ድረስ ደረሰች። ሞተሩ ይሰማል፤ ሰው አይታይም። እዚያ ላይ፣ ዳቦ ቤት በሌለበት፣ ትኩስ ዳቦ ሸተታት።

«እናቴ ሸተተችኝ። አጠገቤ የቆመች ያህል። ፈርቼ ሮጥኩ።» ድምፅዋ ወረደ። «ሳጅኑ ራሱን ነው ያጠፋው አለኝ። እሷ ጋ ሊሄድ ፈልጎ ነው? ስልኩን ስለዘጋሁበት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ አንድ ሺህ ሬሳ ብታይ ነው፤ አሥር ሺህም ይሆናል፤ እንደዚህች ልጅ ፊት ያለ ግን አላየችም። ነገ ከሰዓት በኋላ መጠለያው ድረስ እንድትመጣና መልሱን እዚያ እንድትሰማ ነገረቻት። ሻይዋንም እስከ አተላው ጠጣች።

ቡሎንን አውቶቡሱ ሥር አስገባችው። ቡሎን ለሬሳ ካልሆነ በቀር ቆቡን የማያወልቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ጭንቅላቱ ባዶ ነበር። በጀርባው ተኝቶ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በባትሪ እየተከተለ ሄደ። የኋለኛው ወንበር ትክክል ሥር ሲደርስ ባትሪውን አስጠጋ። የቱቦው መጋጠሚያ ማሰሪያ በቅርብ ተፈትቶ ታስሯል፤ የዳዶው ጥርስ ተልጧል፤ ሲል ተናገረ። በማይሆን መፍቻ የታገለው ሰው አለ። ከበላዩ፣ ከወንበሩ ሥር ያለው የወለል ክዳንም ከቦታው ተንሸራቷል።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሌላው ጉዳይ ገባች። ሐሙስ ዕለት ቡሎን «መሪውን ልቀቅ» እያለ በሟቹ ላይ ሲጮህ ዳቦ ጋጋሪው ሰምቶታል። ሳጅኑ ይህን የሥልጣን ሽኩቻ አድርጎታል።

«የምን ሥልጣን?» አለ ቡሎን እየወጣ። «መሪውን ነው መሪውን። ልፈታው እታገላለሁ፣ እሱ ተጣብቆበታል። አርባ ዓመት ይዞት ማን ይለቃል? እኛ እንደሆንን ስንጣላ ነው የኖርነው። እኔ በመሪ፣ ወንድሙ በእንቁላል፣ ማይክ በድንች። ማይክ ድንች ካልተወጋ ይፈነዳል ብሎ በሬዲዮ ለፈፈ፤ ማርሽ ደግሞ የተወጋ ድንች እንፋሎቱ ወጥቶ ገለባ ይሆናል ብሎ በአፉ አያዞርም። በዚህ ሰው ይገደላል?» ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ጭስ እንኳ ሲሸተው አይነሳም ነበር እኮ። እዚያ ኋላ መስኮቱን ዘግቶ፣ ለደረቱ ብርድ ፈርቶ፣ ሞተሩን እንደ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ነው የሚውለው። የጭስ ሽታ ለሱ ሽቶ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልጋገረም። የሊጡን ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ስታደርግለት ሰበረው፣ አሸተተው፣ የምላሱን ጫፍ አስነክቶ ተፋው። እርሾ የለውም፣ ጨው የለውም፤ ይህን ያቦካ ሰው ዳቦ ሳይሆን ጡብ ፈልጓል፤ ሲል ፈረደ። እንዲህ ያለ ሊጥ ከእጁ ቢወጣ ሱቁን ዘግቶ መነኩሴ እንደሚሆን ማለላት። ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ዓርብ ከሰዓትን አስታወሰ። ጋሽ ማርሽ ፀጉሩ ላይ አረንጓዴ የቀለም ፍቅፋቂ ነስንሶ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ ዳቦ ቤቱ ገብቶ፣ ግንባሩን ስሞት ወጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በባለ ሁለት አስኳሉ እንቁላል ምክንያት ሰላም አይባባሉም ነበር። ምን አገኘህ ሲለው «ነገ ታያለህ» ብቻ ነበር ያለው።

ማይክ በመጨረሻ ተራው ደረሰ። ሳሎኑ ውስጥ የሌለ ነገር ቢኖር ማይክ የሌለበት ፎቶግራፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተኝቷል። ማይክ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት እንዳልወጣና ዝግጅቱን ሲያጠና እንደነበር ተናገረ። ጋሽ ማርሽንም ከረቡዕ ስብሰባ ወዲህ በዓይኑም አላየውም፣ በስልክም አላገኘውም። ድምፁ እንደ ማር ይወርዳል፤ ሐዘኑ እንኳ ማስታወቂያ ይመስላል።

«እኔ አልገረመኝም» አለ። «በመጨረሻ ልቡ ወደ ሟች ሚስቱ ሄዶ ነበር። ‹አገኘኋት› ይል ነበር እኮ። ‹እናቷን አገኘኋት፣ ለልጄ አሳያታለሁ› ይል ነበር። እንዲህ ካለ በኋላ ሰው ምን ያደርጋል?»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ብቻ፣ ሽንኩርት ስትልጥ እንዳታለቅስ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀችው። ማይክ ደስ ብሎት ረዥም ማብራሪያ ሰጣት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተመልሶ መጣ። የመጠለያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሞተሩ ያቃስታል፤ በጎን የሚከፈተው ኮፈን ተነስቶ ሦስት በፎይል የተጠቀለሉ ድንቾች ብረቱ ላይ ይንጫጫሉ። ኢንስፔክተሯ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥታ ጋዜጣ የምታነብ መሰለች። ጋዜጣውን ገልብጣ መያዟን ማንም አላስተዋለም።

ዳቦ ጋጋሪው መጀመሪያ መጣ፤ ድንቾቹን ሲያይ ፊቱን አዙሮ አለፈ። ቡሎን ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ የመጀመሪያውን ገለበጠ፤ ከዚያ የሚያደርገውን ሲያውቅ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ማይክ ኮቱን እያስተካከለ፣ ለሳጅኑ ስለ አየሩ እያወራ መጣ። ወሬውን ሳያቋርጥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገለበጠ፣ እስክርቢቶውን አወጣ፣ እያንዳንዱን ወጋ ወጋ ወጋ አደረገና ጫፉን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰው። ልጅቷ በመጨረሻ መጣች።

«ተሳፈሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። ሞተሩን አጠፋችና ወረደች፤ ድንቾቹን በሽርጥ ይዛ ተመለሰች።

ሁሉም ተቀመጡ። የኋለኛውን ወንበር ማንም አልደፈረም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ደወሉ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ ንዝረት አንዴ ትንን ሲል ሳጅኑ ራሱ ደነገጠ። ኢንስፔክተሯ ትኬት ቆራጩ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ቆመች።

ወደ ልጅቷ ዞራ ጀመረች። «አባትሽ ራሱን አላጠፋም። ድንች ለሁለት ሰው ጥዶ ነበር። ስልኩን ዘግተሽበትም ትመጣለች ብሎ ጠብቆሻል።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«ድንቾቹ ተገላብጠው ነበር። መጀመሪያ እሱ ራሱ አገላብጧቸው ነው ብዬ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ግን እምቢ አሉኝ። ጋሽ ማርሽ የተወጋ ድንች አይበላም። ስለዚህ እሱ እዚያ ኋላ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ሰው ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ያ ሰው አላዳነውም፤ አልጮኸም። ድንች አገላበጠ።»



ከዚያ ነገሩን እንደ ክር ጎተተችው። ገዳዩ በማለዳ፣ ጋሽ ማርሽ ሳይመጣ፣ ከኋለኛው ወንበር ሥር ያለውን መጋጠሚያ አላልቶ፣ የወለሉን ክዳን አንሸራቶ፣ የቱቦውን አፍ በሊጥ ደፈነው። ጭሱ በቱቦው ጫፍ መውጣት ሲያቅተው በላላው መጋጠሚያ ወጣ፤ መስኮቱን ዘግቶ ሞተሩን የሚያዳምጠው ሰው ላይ። የመጠለያው በር ያን ጊዜ ክፍት ነበር፤ ገዳዩ ኮፈኑ ጋ ቆሞ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል። ሁሉ ነገር ሲያበቃ ማሰሪያውን መልሶ አጠበቀ፣ ሊጡን ነቅሎ ለእርግቦች ጣለ፣ ሞተሩን እንደ ተነሳ ትቶ በሩን ዘጋ። ሟቹ ራሱ የዘጋው እንዲመስል።

«ሊጡ የእኔ ነው ልትይ ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው በቀስታ።

«እርስዎ ሞት እንኳ ቢጋግሩ ጨው አይረሱም።» ዳቦ ጋጋሪው ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ሳያውቅ ራሱን ነቀነቀ። «ቡሎንም የዳዶውን ጥርስ አይልጥም።»

ከቦርሳዋ የቅዳሜውን ፎይል አወጣች፤ ከአሁኑ ጎን ዘረጋችው። ሦስት ቀዳዳ፣ በአንድ መስመር። ሦስት ቀዳዳ፣ በአንድ መስመር። የማንም ዓይን ወደ ማይክ ሳይሄድ አልቀረም።

«ቀዳዳ ማንም ይወጋል» አለ ማይክ። ድምፁ አሁንም ማር ነው።

«ልክ ነው። ‹አገኘኋት› የሚለውን ግን ማንም አልሰማም። ጋሽ ማርሽ ያገኘውን ያገኘው ዓርብ ነው። ለወንድሙ እንኳ አልነገረም። ለልጁ በስልክ ነገራት፤ እሷም ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። እርስዎ ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም ብለውኛል። ታዲያ ማን ነገረዎት?»

ማይክ እስክርቢቶውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ከኋለኛው መስኮት ሥር፣ ያቺ ትሪ የምታክል ቦታ ላይ፣ ቡሎን በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ አቀበላት፤ እሷ ለልጅቷ አሳለፈችው። ልጅቷ ጠረገች። አረንጓዴው እርጥብ ቀለም እንባ እየመሰለ ወረደ። ከሥሩ ጋሽ ማርሽ ዓርብ ፍቆ የከፈተው፣ ገዳዩም መልሶ ቀብቶ የሸፈነው ቦታ ብቅ አለ፤ ቢጫ ቀለም፣ በቢጫው ላይ በብሩሽ የተጻፈ ቀይ ፊደል። መጀመሪያ «ትኩ» ታየ። ከዚያ ጨርቁ ቆመ። የልጅቷ እጅ መሄድ አልቻለም፤ ቡሎን በእጇ ላይ እጁን ጭኖ ረዳት።

«ትኩሥ ዳቦ» ይላል።

በንጉሡ ሠ።

«አውቶቡስ አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዳቦ እያዞሩ የሚሸጡበት መኪና ነበር። በኋላ ነው ወንበር ገጥመው ቀለም የቀቡት። እናትሽ በዚህ መስኮት ነበር የምትሸጠው። አባትሽ ሳያውቅ ስንት ዓመት አብሯት ኖሯል። ዓርብ ዕለት አገኛት።»

ማይክ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ፤ ያ ውድ ኮት ዘይት ላይ። ሲናገር ድምፁ የሬዲዮው አልነበረም፤ የማንም ሰው ነበር።

«ጠርቶ አሳየኝ» አለ። «ሰሌዳው ተቀርጿል፣ ከንቲባው ይመጣሉ፣ ሳምንት ብቻ ዝም በል አልኩት። ነገ ልጄ ትየው፣ ከዚያ ዓለም ይየው አለ። ይስቅ ነበር። ‹ማይክ፣ ሃያ ዓመት ስለ ዳቦ መኪና ስታወራ› ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።»

«በአንተ ላይ አልነበረም የሳቀው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ደስ ብሎት ነው። እኔን እንኳ ስሞኛል።»

«ድንቹን ለምን አገላበጡት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ማይክ እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «አላስታውስም» አለ። ከሁለት ቀን ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ በጉሙ ውስጥ ወሰደው፤ ጥቂት እንደ ሄዱ ሁለቱም ከወገብ በላይ ጠፉ።

ልጅቷ ጣቷን ሠ ላይ አድርጋ ቆማለች። ያልጠየቀችው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ሌሎቹ ሦስቱም ያውቁታል።

«ጠዋት መጥቼ ነበር» አለች ሳትዞር። «ሲሸተኝ ሮጬ ባልመለስ፣ ብገባ ኖሮ…»

«አትደርሺለትም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ ወዲያው። «ሊጥ ሲጀምር አይሸትም። የሚሸተው በመጨረሻ፣ ከበሰለ በኋላ ነው። ሽታው አጥሩ ጋ ሲደርስ አባትሽ ሄዷል።»

ዳቦ ጋጋሪው ሕይወቱን ሙሉ በምድጃ ፊት የቆመ ሰው ነው። ሊጥ ገና እሳት ሲነካው መንደሩን እንደሚያውድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ አልተፈጠረም። አፉን ከፈተ። ኢንስፔክተሯ አየችው። አፉን ዘጋ፤ መልሶ ከፈተ።

«እውነቷን ነው፣ የወንድሜ ልጅ» አለ። «ሲጀምር አይሸትም።»

ልጅቷ ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከሽርጡ ላይ ካልተወጋው ድንች ግማሹን ቆርሳ ወሰደች፤ ወደ አውቶቡሱ ወጣች፤ እስከ መጨረሻው ሄዳ የኋለኛው ወንበር ላይ፣ አባቷ ከተቀመጠበት ጎን ተቀመጠች። ቀስ ብላ በላች። ስትጨርስ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበች።

ደወሉ አቃጨለ። ቡሎን ቆቡን አወለቀና በሩን ከፍቶ ያዘ፤ ወራጅ እስኪወርድ።